ሁለታችንን ያልቻለች ፊውዝ

የመኪና መብራት ከጠፋ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ፊውዙ ሄዷል ብለው አስተምረውኝ ነበር። ሰው ሰውን እንዳያስቀይም ሲጠነቀቅም መብራት እንደሚጠፋ የተማርኩት ደሴ ከመጣሁ በኋላ ነው።

የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ደሴ ለአንድ ዓመት ተብዬ መጥቼ ይኸው አራተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ክትባት ነው፤ በበረዶ ሣጥን የታሸገውን ይዤ ወደ ገራዶ፣ ወደ ሐርቡ፣ አንዳንዴም መኪና መድረሷ ወደሚያጠራጥርባቸው ቀበሌዎች እወርዳለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠን አሮጌ ሃርድቶፕ ናት። ሹፌሯ ስልሳን የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። መካ ግን አልሄዱም። ሐጃጆችን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርሱ ብዙ ዓመት ስለኖሩ ማዕረጉ እዚያው ተለጥፎባቸው ቀረ። «የተመላለስኩት መንገድ ቢደመር መካ ሁለቴ ደርሼ ነበር» ይላሉ። እኔን ሲስተር ይሉኛል።

ጠንቃቃ ነኝ፤ አልክድም። ሳንነሳ በፊት እሳቸውን መሪው ላይ አስቀምጬ መኪናዋን እዞራለሁ። «ፍሬቻ ግራ... ፍሬቻ ቀኝ... ፍሬን ይርገጡ... ረጅሙን ያብሩ።» እሳቸው ደግሞ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ሰባት ጊዜ ብትዞሪያት እኮ ሐጂዋ አንቺ ነበርሽ» ይሉኛል።

ጋቢናው ውስጥ ሁለት ትርፍ መብራት ነበረን። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ የእመቤታችንን ሥዕል በመስታወት አስገብቼ፣ ዙሪያውን አምፖል አስደርድሬ በእኔ ወንበር በኩል ዳሽቦርዱ ላይ አስተከልኩት። ሐጂን አስቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ። «ወላሂ ደስ ይለኛል፤ ለመኪናዋም በረካ ነው» አሉ። ዓመት ቆይተው ባለፈው ግንቦት እሳቸውም «ማሻአላህ» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ ከፊት መስታወቱ በላይ ሊሰቅሉ ፈልገው እኔን ጠየቁኝ። እኔም ደስ ይለኛል አልኩ። ሁለቱንም የሠራልን ሸዋ በር ያለ አንድ ኤሌክትሪሽያን ነው። አምፖሎቹን ከከባድ መኪና የኋላ መብራት ነው የፈታቸው፤ ሽቦውንም የኋላውን ጭምር ከሚያበራው ከፓርኪንግ መብራቱ ጋር ቀጠለው። ፓርኪንጉ ሲበራ ሥዕሉም ሰሌዳውም አብረው ይበራሉ።

በበጋ መብራት የሚያበራ የለም፤ ችግሩም አልታወቀም። ነሐሴ ገባ። ደሴን በነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። አንድ ሰኞ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መብራት አበራን። አሥር ደቂቃ ያህል ሄደን ዳሽቦርዱ ድንገት ጨለመ። ሥዕሉም ሰሌዳውም ጠፉ። ፊት መብራቱ አልተነካም፤ ወርጄ ሳይ ግን ከኋላ አንድም የሚበራ የለም። ከኋላችን ደግሞ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ በዚያ ቁልቁለት ነው የሚወርደው።

ሐጂ የፊውዙን ሣጥን ከፍተው የተቃጠለችውን አወጡ። ባለ አሥር አምፔር ነች። አዲስ አስገቡ፤ በራ። ትንሽ ሄደን ጠፋ።

ጉዳዩ የጉም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሐጂ የሥራ ውል የዚያን ሳምንት ዓርብ ያልቃል። ኃላፊያችን በግልጽ ነግረዋቸዋል፤ መኪናዋ እስከ ዓርብ ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ካገኘች ውሉ ይታደሳል፣ ካላገኘች ትቆማለች፣ ለቆመች መኪና ደግሞ ሹፌር አይቀጠርም። ሐጂ ቤት ሦስት ተማሪ አለ። በዚያ ዕድሜ ሌላ መሪ የሚሰጣቸው እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ማክሰኞ ማለዳ እሳቸው ሳይመጡ በፊት አሰብኩበት። ፊውዟ ጭነት በዝቶባት እንደሆነ መቼም ገብቶኛል። ከሁለቱ አንዱ መውረድ አለበት። የእርስዎን ይንቀሉት ብዬ ለአንድ አዛውንት ልናገር? አልችልም። የራሴን ሽቦ ከዳሽቦርዱ ሥር ነቀልኩት። የፍልሰታ ጾም ነው፤ በእመቤታችን ጾም የእመቤታችንን መብራት ማጥፋት ቀላል አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ያን ቀን ሙሉ አልጠፋም።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ሥዕሌ ይበራል። የሐጂ ሰሌዳ ጨልሟል። ሰውየው የሆነውን አይተው፣ በእሳቸው ምክንያት የእኔ የጠፋ መስሏቸው፣ የእኔን ቀጥለው የራሳቸውን ነቅለዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም። መንገዱን ሁሉ ያን የጠፋ ሰሌዳ እያየሁ ተቃጠልኩ። አስቀየምኳቸው አልኩ። ሐርቡ ደርሰን ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲገቡ እጄን ሰድጄ የእሳቸውን ቀጠልኩት፤ በችኮላ የራሴን መንቀል ረስቼ፣ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። መመለሻችን ላይ ደመናው ከበደና አብርተን ጉዞ ጀመርን። ኮምቦልቻ ሳንደርስ ጠፋ።

«ሐጂ፣ ምን ይመስልዎታል?»

«ሽቦው አርጅቶ ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አልኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

ሐሙስን ሸዋ በር ዋልን። ኤሌክትሪሽያኑ የኋላ አምፖሎቹን ሁሉ ቀየረ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ፈታ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ ሁሉ ከፍቶ እንደገና ጠቀለለ። ሥዕሉና ሰሌዳው ላይ ዓይኑ ያርፍና ቶሎ ይመለሳል። በመጨረሻ፣ «ሲስተር፣ ሠላሳ አምፔር ላስገባና ልገላግላችሁ?» አለኝ።

«ፊውዝ እኮ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሠላሳ ካስገባህማ የምንቃጠለው እኛ ነን።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

ሐጂን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። «አሁን አብሽሪ፣ ደህና ነው» አለ። እውነትም ደህና ነበር፤ ሲፈታታ የሁለታችንንም ነቅሎ ነበርና ማታ መኪናዋ መብራቷ ሳይጠፋ ወደ ቤት ገባች። ይህ ሰው ምክንያቱን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። «የቱን ንቀሉ ልበላችሁ? አንዱን ብዬ ከሌላው ጋር ልጣላ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ዓርብ ለምርመራው ኮምቦልቻ ልንወርድ ስንል መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነውን በኋላ ስናወራ ነው የደረስንበት። ሐጂ ቀድመው ገብተው የእኔን ቀጠሉ። እሳቸው ውኃ ሊጨምሩ ኮፈን ሲከፍቱ ደግሞ እኔ የእሳቸውን ቀጠልኩ። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር መብራት ሳናበራ ወረድን።

መርማሪው ወረቀት የያዘ ወጣት ነው። «አብሩ» አለ። ሁሉም በራ። ፍሬቻውን አየ፣ ረጅሙን አየ፣ አጭሩን አየ። ከፊታችን ያለ የሚኒባስ ሹፌር መኪናህ አላለፈችም ተብሎ ሲከራከር ወደዚያ ሄደና ቆየ። ሐጂ መሪውን እንደያዙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የእኔም ይንቀሳቀሳል። መርማሪው ተመልሶ በስተኋላ ሲዞር ዳሽቦርዱ ጨለመ።

«አባባ፣ ምነው አጠፉት?»

«አላጠፋሁም ልጄ።»

ሐጂ መጠባበቂያ ፊውዝ አስገቡ፤ መልሶ በራ። መርማሪው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ግራና ቀኙን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መብራት ነው» አሉ ሐጂ።

«መብራትነቱንማ አየሁት። ከየት ነው የቀጠላችሁት?»

«ከፓርኪንጉ።»

«ሁለቱንም?»

ሁለታችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን።

«ይህቺ ፊውዝ ሁለቱን አትችልም። አንዱን ንቀሉ።»

«የኔ ይነቀል» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

«አይሆንም ሲስተር፣ ጾም ላይ ነሽ።»

«ዛሬ ጁምዓ ነው ሐጂ፤ የእርስዎ እንዴት ይነቀላል?»

«እኔ ሶላቴን በሰሌዳ አልሰግድ።»

«እኔስ በአምፖል ነው የምጸልየው?»

ከኋላችን የተሰለፈ የጭነት መኪና ሹፌር ጡሩንባውን ነፋ። መርማሪው እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆመ። «ለምርመራ ነው የመጣችሁት ለሽምግልና?» አለ። ንቀለው ብንለው፣ «እኔ እጄን አላስገባም፤ እናቴ ብትሰማ የቱንም ብነቅል አትለቀኝም» አለን። በመጨረሻ እሳቸው የራሳቸውን፣ እኔ የራሴን በአንድ ጊዜ ሳብን። ቆመን ጠበቅን። አልጠፋም። አለፈች፤ ቦሎዋን አገኘች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እኔ አማተብኩ። አምስት ቀን የደከምንበት ነገር፣ መንቀሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

መርማሪው ግን ወረቀቱ ላይ «ያልተፈቀደ ተጨማሪ መብራት፣ ሁለት» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊያችን ጠሩን። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መኪና ላይ ሽቦ የቀጠለ ሹፌር ጥፋተኛ ነው፤ ውሉን ማደሱን አስብበታለሁ አሉ። እስከ ሰኞ ሁለታችሁም በየግላችሁ የብልሽቱን መንስኤ ጽፋችሁ አምጡ ተባልን።

እሁድን ከቅዳሴ መልስ በወረቀቱ ላይ ዋልኩ። መዋሸት አልፈልግም፤ ሐጂንም ማስባረር አልፈልግም። ስለ ሰሌዳው ምንም ሳልል፣ መብራት ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም።

ሰኞ ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሲስተር እንደጻፈችው አንድ መብራት አለ፤ የእሷ ነው። ሐጂ እንደጻፉት ሁለት አለ፤ ሁለቱም የእሳቸው ነው። ሲደመር ሦስት ይመጣል። መርማሪው ያየው ሁለት ነው።»

ሐጂን አየኋቸው። ጣሪያ ያያሉ።

«ለሁለታችሁም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል» አሉ ኃላፊው፤ ስለ ውሉ ምንም አላሉም። የሠራተኛ አስተዳደሯ ሴትዮ ተጠርታ መጣች። ፋይሉን ገለጠች፣ አሁንም ገለጠች።

«ለሲስተር እጽፋለሁ። ለሐጂ ግን አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?»

«ውላቸው ዓርብ አልቋል። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለሠራተኛ ነው። እሳቸው አሁን እንግዳ ናቸው።»

«ጥፋቱ የተሠራው በውሉ ጊዜ አይደለም እንዴ?»

«ጥፋቱ አዎ። ደብዳቤው ግን የዛሬ ቀን ነው የሚይዘው። ኦዲት ቢያየው ምን እላለሁ?»

ኃላፊው ፋይሉን ወስደው ራሳቸው ገለጡ። ሳይቀጡ መተው አልፈለጉም። «እንግዲያው መጀመሪያ ውሉ ይታደስ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይከተል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀረበላቸው፤ አንደኛው የአንድ ዓመት ውል፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ። ሐጂ እስክሪብቶውን ይዘው፣ «የቱን ላስቀድም?» አሉ።

«ውሉን» አለች ሴትዮዋ። «ካልፈረሙት ማስጠንቀቂያው አይይዝዎትም።»

ፈረሙ። እኔም የእኔን ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ። ስንወጣ ሐጂ ውሉን ከነፖስታው ለእኔ አስያዙኝና ማስጠንቀቂያውን በጥንቃቄ አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ውሉን ነው እንጂ መያዝ የሚገባዎት» አልኳቸው።

«ተይኝ ሲስተር» አሉ፣ ኪሱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ሥራውን ያገኘልኝ ይሄኛው ነው።»