ማንጎው ላይ የነበረችው ቸርኬ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሦስት የመኪና ቸርኬ፣ አንድ ቀን የፈጀ የገረሴ መንገድና የጋሽ ዳና ሰላምታ ነው። ቸርኬውንና መንገዱን ችዬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር ባለው ሱቄ በር ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ስደረድር፣ ማዶ ያለው ጎሚስታ አንድ ቸርኬ በመዶሻ መታ። ድምፁ አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ እኔም ቆርቆሮውን እንደያዝኩ በሐሳብ የድሮ ሰፈሬ ገባሁ፤ መንገድ ሳይቀደው፣ የሐይቁ ነፋስ በሁለት ጸሎት ቤቶች መሐል እየተሽሎከለከ ሲያልፍ። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ መቃኞ ነበር፤ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ እስኪያልቅ ታቦቱ የሚቆይበት፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ፣ በበጋ እንደ ምድጃ የሚግል ቤት። ከአጥሩ ወዲያ የፕሮቴስታንቶቹ የጭቃ ጸሎት ቤት። መቃኞው ላይ የተንሰራፋው ማንጎ ፍሬው ሲደርስ ቅዳሴ መሐል ዷ ብሎ ጣሪያው ላይ ይወድቅና እየተንከባለለ አጥሩን ይሻገራል። እኛ ልጆች በዓይናችን ቄሱን፣ በጆሯችን ማንጎውን እንከተላለን። የወደቀበት ግቢ ልጆች ይበሉታል፤ ጣሪያው ደግሞ ወደ እነሱ ያዘነብላል። የማዶ ልጆች ለምን ከእኛ እንደሚወፍሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ደወላችን ከዚያው ማንጎ በሰንሰለት የተንጠለጠለች የጭነት መኪና ቸርኬ ነበረች። የሚመቷት ከዶርዜ የወረዱት ሸማኔ ጋሽ ዳና ናቸው። መምቻ ያደረጉትን ትልቅ ብሎን ከማንሳታቸው በፊት ጆሯቸውን ወደ አጥሩ ይጥላሉ፤ ማዶ መዝሙር ከተጀመረ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ማዶዎቹም ቸርኬዋ ስትጮህ ከበሯቸውን ያሳርፋሉ። ማንም ያዘዘው ነገር አልነበረም። ቅዳሴ በዘገየ ቁጥር እናቴ፣ ጋሽ ዳና የሰው ጸሎት ሳያስጨርሱ የራሳቸውን አይጀምሩም እያለች ታማቸው ነበር።

አድጌ የአሮጌ ቆርቆሮ ንግዱን ስጀምር ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለቀ፤ ታቦቱ በዝማሬ ገባ። በዚያው ዓመት ማዶዎቹም ሰፊ አዳራሽ ሠርተው ወደ ሴቻ ሰፈር ወጡ። የሁለቱንም አሮጌ ቤት ቆርቆሮና እንጨት የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔ። ሁለት ቤት በአንድ ዓመት ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከማንጎው ወርዳ ክምሩ ሥር ያገኘኋትን የደወል ቸርኬ ቆርቆሮ ለገዛኝ የገረሴ ሾፌር መረቅኳት።

በሳምንቱ ጋሽ ዳና ሱቄ መጡና ዙሪያውን ቃኙ።

"ልጄ፣ ያቺ ቸርኬ የት ደረሰች? አዲሱ ቤት ድምፅ ማጉያ አለው፤ እኔ ደጄ ልስቀላት ብዬ ነው።"

ቸርኬ ሞልቷል፣ ከእሷ የሚሻል አመጣለሁ አልኳቸው። አመጣሁም፤ ወፍራም፣ ዝገት ያልነካው። በብሎናቸው አንዴ መቱት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡ።

"ይሄ የመኪና ነው" አሉኝ።

በልቤ፣ ያቺም የመኪና ነበረች እያልኩ ቸርኬውን ወደ ሱቄ ጓሮ አንከባለልኩት። ሁለተኛ አመጣሁ፤ ሦስተኛ። ያቺኑ ላስመልስ ገረሴ ወጥቼ ሾፌሩን ሳገኘው መኪናውን ከነቸርኬው ሸጦታል፤ ለማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዳና በሱቄ ሲያልፉ ቆመው "እንዴት አደርክ፣ ልጄ" ማለቱን ትተው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዱ ነበር። አልተጣላንም። እስኪሞቱ እንዲሁ ነበርን።

ማንጎው ለመንገድ ተቆርጧል፤ ሰፈሩ ኮብልስቶን ለብሷል። አንዳንድ ጠዋት ግን እዚያ ሳልፍ እግሬ ራሱ ይቆማል፤ ማዶዎቹ መዝሙራቸውን እስኪጨርሱ የምጠብቅ ይመስል።

ሦስቱ ቸርኬ ሱቄ ጓሮ አሉ። ሦስቱንም መትቻቸዋለሁ። የመኪና ናቸው።