የአባቴን ጠመንጃ ከለቅሶው ላይ እንዴት እንደወሰድሁ

አባቴን ያስገደለው የእናቴ ወንድም ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ያኔ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ፣ በሞላ ቤተሰብ መካከል ብቻዬን ነበርሁ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ከሰፈረ ወዲህ አባቴ ከጉና ሥር ካሉት አርበኞች ጋር ዱር ቤቴ ብሎ ነበር። አጎቴ በበኩሉ ባንዳ ሆኖ ከካምፑ ቀለብ ይቀበላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነበር፤ ለካምፑ አለቃ ለሹምባሹ ፈገግታ፣ ለእኛ ግልምጫ። የአባቴ መርዶ ሲመጣ ግን ከሁሉ በፊት መሬት ላይ የተንከባለለው እሱ ነው። አስከሬኑን ጣሊያን እንደያዘው፣ ጠመንጃውም ገደል እንደገባ ነገረን።

ለለቅሶው የሚሆን ገብስ ላመጣ አጎቴ ቤት ሄድሁ። ጎታው ውስጥ እጄን ስሰድ ብረት ነካሁ። ገብሱን ገለጥ ባደርገው የአባቴ ምንሽር ነው፤ ሰደፉ ላይ በቢላ የቀረፀው መስቀል አለ። አባቴ ተኝቶ እንኳ ከጎኑ የማይለየው ጠመንጃ እዚያ ሊገኝ የሚችለው፣ እሱ ሲወድቅ አጎቴ አጠገቡ ከነበረ ብቻ ነው። ለእናቴ ልነግራት ሮጥሁ። እሷ ግን ወንድሟ ትከሻ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ዋጥሁት።

ያ ጠመንጃ በገዳዩ ጎታ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም ነበር። ግን ከዚያ ቤት ማን ሰርቆ ይወጣል? ውሻው ይናከሳል፤ ሚስቱም ከደጃፍ አትነሳም። ስለዚህ እሱ ራሱ እንዲያወጣልኝ ላደርግ አሰብሁ።

በእኛ አገር አስከሬን በሌለበት የሚለቀሰው በሟቹ ዕቃ ነው። በቅሎው፣ ካባው፣ ጠመንጃው ሜዳ ይወጣል፤ ልጁም፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ ተሸክሞ ለቅሶውን ይዞራል። የለቅሶው ዕለት አገሩ ሁሉ፣ የካምፑ ባንዶች ሳይቀሩ መጥተዋል። አልቃሿ ትንፋሽ ስትወስድ እኔ ተቀበልኋት፦

ጠመንጃህ አባባ ዱር የቀረ እንዳይመስልህ፣
አጎቴ በጎታው ገብስ አልብሶ ያዘልህ።

 የአጎቴ ፊት አመድ ለበሰ።

አንድ ሽማግሌ፣ "አንተ! የሟች ዕቃ ተደብቆ ለቅሶ አለ እንዴ? ይውጣ እንጂ!" አሉት።

"የለም" ቢል ጎታው ሊፈተሽ ነው። "በአደራ አስቀምጬው ነው" አለና ሚስቱን ላካት። እሷም ከነገብሱ ትቢያ አምጥታ ትከሻዬ ላይ አኖረችው።

እያለቀስሁ መዞር ጀመርሁ፤ እንባዬ የውሸት አልነበረም። በዞርሁ ቁጥር ክቡን እያሰፋሁ ሄድሁና ከጽዶቹ አልፌ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ኀዘን አቅሏን ያሳታትን ልጅ ማን ይከተላል? የሟችን ዕቃ ከልጁ ትከሻ መንጠቅም ነውር ነው። አጎቴ ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

ጉና ሥር የአባቴ ጓዶች ጠመንጃውን ተቀብለው ሳሙት። ከእነሱ ጋር የምቀር መስሎኝ ነበር። ቆሎ አስቋጠሩኝና፣ "በይ የኔ ልጅ፣ ወደ እናትሽ ተመለሽ" አሉኝ። በዚያ ብርድ ወደ ኋላዬ እያየሁ ብቻዬን ወረድሁ። የሚጠራኝ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ጣሊያን አጎቴን ጠመንጃ ደብቀሃል ብሎ ሰቅሎታል። ደስ አለኝ፤ ዛሬም አልጸጸትም። ወንድሟ ባሏን እንደሸጠ አገር አውቋል፣ እናቴም አውቃለች። ጥቁሯን ለብሳ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ልስማት ጎንበስ ስል ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተነሥታ፣ ለማታውቀው እንግዳ እንደሚደረገው፣ መደቡን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

"ይቀመጡ" አለችኝ።

እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አንቺ ብላኝ አታውቅም።