ቀዳዳ ያለው እህል

የልጄ ልጅ ሥራዋ ምግብ መቅመስ ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከተማ ለከተማ እየዞረች፣ ምግብ ቤት እየገባች፣ የቀረበላትን በስልኳ ትቀርጽና «ይኼ ይጣፍጣል፣ ይኼ ቅመም ይቀረዋል» ብላ ለሕዝብ ትለቃለች። ባለፈው ሁዳዴ ለዘመድ ሙት ዓመት ወደ ጋይንት ስንወርድ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ምሳ ልንበላ አንድ ሆቴል ገባን። አስተናጋጇ አጠገባችን ቆማ የጾሙን ምግብ እንደ ዳዊት ደገመችልን፤ «ሽሮ አለ፣ በየዓይነቱ አለ፣ ፓስታ በአትክልት አለ፣ ማኮሮኒ አለ።»

«ማኮሮኒ የጾም ነው እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አባባ! ማኮሮኒ የጾም ካልሆነ ምን የጾም ሊሆን ነው?» ብላ ስቃ ሄደች። የልጄ ልጅም ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። በዚችው ከተማ፣ በዚሁ ጾም፣ ለዚችው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከሰው ደጅ ሰው ደጅ የተንከራተትኩበት ጊዜ አለ። ይኸው ሸምግዬ እንኳ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ንፋስ መውጫ ተመደብኩ። አዲስ አበባ ስማር አንድ ጋዜጣ ላይ ስለ ከተማው ምግብ ቤቶች የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ዛሬ የአርመኑን ቤት፣ ነገ የግሪኩን፣ ከነገ ወዲያ የየመኑን እየቀመሰ አንባቢን ምራቅ ያስውጣል። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ እንጀራ ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ለአዘጋጁ ጻፍኩለት፤ «እኔም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እልክልዎታለሁ» አልኩ። «ላክ፤ ግን አጭር ይሁን» የሚል መልስ መጣ። ከደስታዬ ብዛት «አጭር ይሁን» የምትለዋን ነገር ልብ አላልኳትም።

ችግሩ፣ በኛ አገር ምግብ አይተችም። ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ጠጅ ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ጥብስ ቀምሼ «ጨው አልበዛበትም?» ብል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ አፈጠጠብኝ። «እህል ይነወራል እንዴ? ካልተስማማህ ተነስ» አለኝ። አርብ ገበያ ከተማ ደግሞ በሰዎች ገበታ ላይ ምን እንደቀረበ ለማየት አንገቴን ባሰግግ፣ ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው ምግባቸውን ከለሉብኝ። የሰው ምግብ ላይ ዓይኑን ተክሎ ወረቀት የሚጭር ሰው በዚያ አገር ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ብቅ ስል ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ የሚያስገቡ እናቶች አጋጥመውኛል። እስቴ ያለው የአረቡ ሻይ ቤት ይሻል ነበር፤ ሰውዬው ስለ ፉሉ አሠራር ስጠይቀው ደስ ብሎት ያስረዳኛል። ግን ክርስቲያኑ ከእሱ ቤት ሻይ እንጂ እህል አይቀምስም ነበርና፣ እኔም ስበላ እንዳልታይ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር የምጎርሰው። እንዲህ ሆኖ ስለ ምግብ ቤት ይጻፋል?

ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል ነው አስመሬዋን ያገኘኋት።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ያን ጊዜ መኪና ንፋስ መውጫ የሚደርሰው በበጋ ብቻ ነው፤ ክረምት ከገባ ጭቃው በቅሎ እንኳ አያሳልፍም። ሰውዬው ጭነት ይዞ መጥቶ፣ እዚሁ ታሞ፣ እዚሁ ሞቶ፣ በደብሩ ቅጥር ተቀበረ። እሷ ልታለቅስለት ከአስመራ መጣች፤ እንደመጣችም ቀረች። ከገበያው ጫፍ አንዲት ቤት ተከራይታ ምግብ መሸጥ ጀመረች። ለምን ወደ አገሯ እንዳልተመለሰች ስጠይቃት ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እሱ በሰው አገር ብቻውን ተኝቶ እኔ አስመራ ምን አባቴ እሠራለሁ? ይህቺ ቤት እስከቆመችልኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ ስታወራው አይቻታለሁ። ከተማው ስሟን የጠየቃት አይመስለኝም። «አስመሬዋ» አላት፣ በዚያው ጸና።

በፍስክ ቀን ዝግኒ ትሠራለች፤ ያው ቀይ የሥጋ ወጥ ስለሆነ ገበሬውም ይበላላታል። በጾም ቀን ግን ማኮሮኒ ነው። አገር የሚያቋርጡ ሹፌሮች በካርቶን ያመጡላታል። ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት ቀይ እስኪሆን ታቁላላና ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ትጨምርበታለች፤ ቲማቲም ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም ግድ የላትም። «ስልሲ» ትለዋለች። በገና ጾም፣ ያ የንፋስ መውጫ ንፋስ ጆሮ በሚቆርጥበት ከሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ስልጆና ሽሮ የሰለቸው አፌ ምን እንዳጋጠመው አላወቀም። በየቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ስልሲ ተደብቆ ይጠብቃል። በዚያው ማታ፣ ራቴንም ሳልፈልግ፣ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስሟን ጻፍኩ፣ ዘይቱን ጻፍኩ፣ ጾመኛ መንገደኛ ሁሉ ሊገባበት የሚገባ ቤት ነው ብዬ ጻፍኩ። በልቤ ደግሞ ሁዳዴን አስቤላት ነበር። ያን ረጅም ጾም በማኮሮኒ ብቻ ከተሻገረች ቤቷ ይቆምላታል፤ ካልተሻገረች ኪራይ መክፈል አቅቷት ከባሏ መቃብር ትለያለች።

ጋዜጣው የደረሰው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ሦስቱ ገጽ መዳፍ የማታክል ሆና ወጥታለች። ስሟ የለም። ዘይቱ የለም። ጾም የሚለው ቃል ከነመኖሩ ጠፍቷል። የቀረው፣ በንፋስ መውጫ የጣልያን ምግብ የምታበላ አንዲት ሴት አለች፣ ምግቡም በጣም ይጣፍጣል የሚል ነው። በገበያ ቀን አንዱ ባለሱቅ ጮክ ብሎ ሲያነበው ደግሞ ባላምባራስ ጓሉ ከበሩ ተቀምጠው ነበር።

ባላምባራስ አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ጣልያንን ሲዋጉ የከረሙ፣ በከተማው ቃላቸው መሬት የማይወድቅ ሽማግሌ ናቸው።

«የምን ምግብ አልክ?» አሉ።

«የጣልያን፣ ጌታዬ።»

«በሁዳዴ?»

እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ጌታዬ፣ የጾም ነው፤ ከስንዴ ነው የሚሠራው» አልኳቸው።

«ውስጡ ባዶ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?»

«አዎን፣ ቀዳዳ አለው።»

ባላምባራስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንተ ልጅ፣ ስንት ዘመን አረስኩ። ስንዴ አውቃለሁ፣ ገብስ አውቃለሁ፣ ባቄላ አውቃለሁ። ቀዳዳ ያለው እህል አይቼ አላውቅም። ቀዳዳ ያለው አንጀት ነው። ፈረንጅ አንጀቱን አድርቆ በካርቶን ላከልህ፣ አንተ ደግሞ በጋዜጣ አወጅክልን!»

ገበያው ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አመነ። በማግስቱ ከእሷ ቤት የሚበላ ሰው ጠፋ። ባልደረቦቼ አስተማሪዎች እንኳ «ነገሩ እስኪጣራ» ብለው ሽሯቸውን ይዘው ቤታቸው ቀሩ። አንዱን ልብሱን ይዤ «አንተ የሳይንስ መምህር አይደለህም?» ብለው፣ «ሳይንስ ሌላ፣ ሁዳዴ ሌላ» ብሎኝ እጁን ነጠቀኝ። ከማንም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ የደብሩ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስቆጥሩ ደርሼ እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ።

«የኔታ፣ እርስዎ አንድ ቃል ይበሉልኝ። ሴትየዋ ልትራብ ነው።»

«ስንዴ መሆኑን ሲሠራ ያየ ሰው አለ?» አሉኝ ረጋ ብለው።

«በፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ የኔታ፤ ማን ያያል?»

«እንግዲያው ማን ይመስክርልህ? እሷ በእጇ ትሥራውና እንየው። ስንዴውም ከእሷ ቤት አይምጣ፤ ከባላምባራስ ጎተራ ይምጣ። ያን ጊዜ ነገር የሚያበዛ የለም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ባለው ወይራ ሥር ጉልቻ ተጎለተ። ሕዝቡ ከቦ ቆመ። አስመሬዋ ነጠላዋን አደግድጋ የባላምባራስን ዱቄት በውኃና በጨው ለወሰች። ሊጡን በጠርሙስ ዳመጠች፣ በቢላዋ ቆራረጠች፤ ከዚያ ከተሰበረ ጃንጥላ የተነቀለ ሽቦ አውጥታ እያንዳንዷን ቁራጭ በሽቦው ላይ ጠቅልላ በመዳፏ አሽታ ስባ አወጣችው። ሽቦው በወጣበት ቀዳዳው ቀረ። ከሕዝቡ «እህህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔማ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ቀቅላ፣ ስልሲውን አድርጋ፣ መጀመሪያ ለየኔታ አቀረበች። አላምጠው ዋጡና፣ «እህል ነው። ይበላል» አሉ።

ቀጥለው ባላምባራስ ቀመሱ። አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ። ሠለሱም። እኔ አሁን ይመርቋታል፣ አሁን ይቅርታ ይሏታል ብዬ አፋቸውን አያለሁ።

«ይኼማ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «የኔው ስንዴ ነው! ቂጣ ቆራርጦ መቀቀል ነው። ለዚህ ነው እንዴ ሰው ገንዘብ የሚከፍል?»

አለቀ። በአንድ አፍ ተፈርዶላት፣ በሌላ አፍ ተፈረደባት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየቤቱ ሊጥ ይዳመጥ ገባ። የደህናው ሰው ጃንጥላ ሁሉ ሽቦ ጎደለው፤ አንድ ቄስ ጥላቸው በአንድ በኩል ተንጋዶ ቅዳሴ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሰዉ የሠራውም ነገር ማኮሮኒ አልነበረም፤ ግማሹ ያልበሰለ፣ ግማሹ ገንፎ የሆነ ጉድ ነው። ግን የራሱ ነው፣ በነፃ ነው። ወደ እሷ ቤት የሚመጣ ሰው አሁንም የለም። እየዞርኩ «ስልሲው እኮ ነው ሙያው! እሷ ዘንድ ሄዳችሁ ብሉ!» ብዬ ብለፈልፍ፣ «የገዛ ስንዴያችንን ከሰው ቤት እንግዛ?» ይሉኛል። አንዱን ውሸት በስንት መከራ አስጥዬ፣ እውነቱ ሲጥላት ቆሜ አየሁ። ማንን እንደምከስ እንኳ አጣሁ። የኔታ ቅን ፈረዱ፤ ባላምባራስም የቀመሱትን ነው የተናገሩት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ በመጨረሻው መኪና ሄደች። ልሸኛት ስሄድ ከመቃብሩ ነበር የመጣችው፤ ጉልበቷ ላይ አፈር ነበረ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ጠፍቶኝ ጋዜጣውን፣ አዘጋጁን፣ ከተማውን ተራ በተራ ረገምኩላት።

«ተው ሓወይ» አለችኝ። «አንጀት ነው ሲሉኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ቢያንስ ማኮሮኒው የኔ ነበር።»

ከዚያ ከጭነቱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ፊቷን ወደ ደብሩ እንዳዞረች ነበረች። ለአዘጋጁ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልላክሁም።

ይህን ሁሉ በዚያ ሆቴል ለልጄ ልጅ ነገርኳት። ስልኳን ደግና በሙሉ ቀረጸችኝ። የሆቴሉም ባለቤት መጥቶ ቆሞ ሰማ። «ማኮሮኒ እዚህ ከተማ ማን እንዳመጣው ታውቃለህ?» ብለው፣ «ኧረ አባባ፣ እሱማ ከጥንትም የነበረ የኛው ምግብ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም «እሺ፣ እሺ» እያለ ወደ ሌላ እንግዳ ሄደ። ማኮሮኒውን ቀመስኩት። ከመጠን በላይ በስሏል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ጥሬ ነው። እህል አይነወርም ያላችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ መጥፎ ነበር።

ማታ የልጄ ልጅ የለቀቀችውን አሳየችኝ። ሆቴሉ አለ፣ ሳህኑ አለ፣ እኔም ሹካ ይዤ ለአፍታ እታያለሁ። የተናገርኩት ግን አንዱም የለም።

«ወሬዬ የት ሄደ?» አልኳት።

«ረዘመ እኮ አባባ። ሰው አይታገሥም፤ አጭር መሆን አለበት።»

አልተቆጣኋትም። ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ብዕሬን አነሳሁ። ይህን ጽሑፍ ማንም እንደፈለገ ያሳጥረው፤ አንዲቷን ነገር ብቻ እንዳይቆርጥብኝ እለምናለሁ። አስመሬዋ ስም ነበራት። ለተብርሃን ትባል ነበር።