ሃያ አንድ ምርቃት

መሸነፍ አልወድም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ከረንቡላ የማይጫወት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ደንበኛ ሳባብል ትዕግሥቴን እዚያው ሱቄ ውስጥ እጨርሰዋለሁ። እሁድ ከሰዓት ከረንቡላ ቤት ስገባ የተረፈኝ ቁጣ ብቻ ነው።

ስድስት ነን። አረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ኳስ አለ፤ መሃሉ ላይ አምስት ትንንሽ እንጨቶች ይቆማሉ። በስቴካ ኳስ እየመታን እንጨቶቹን እንጥላለን፤ ቀድሞ ስልሳ ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ከስድስታችን አንዱ ልጅ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከመታመማቸው በፊት እሳቸውን ማሸነፍ የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሁልጊዜ ሁለታችን እያሸነፍን ሌሎቹ መሰልቸት ሲጀምሩ ጋሼ መላ አመጡ። የእያንዳንዱ ሰው ያለፉት ሦስት ጨዋታዎች ነጥብ ተደምሮ ለሦስት ይካፈላል። ከዚያ የሁለቱ ተጋጣሚዎች ልዩነት ይወጣና ግማሹ ለደካማው መነሻ ይሆነዋል። ብርቱው ከዜሮ ይጀምራል። ሰዉ ወዲያው ስም አወጣለት፤ ምርቃት። ገበያ ላይ በርበሬው ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ሻጯ ጣል የምታደርጋት ጭብጥ ማለት ነው።

እኔ ነገሩን አልወደድሁትም። አንድ እሁድ ሥጋ ሻጩ ጓደኛችን በምርቃት ቢያሸንፈኝ ስቴካዬን ወርውሬ፣ "ወላሂ ይሄ ምርቃት አይደለም፣ ሰደቃ ነው! ቀድሞ ቢነገረኝ ለመስጠት ኒያዬን አስተካክዬ እመጣ ነበር" አልሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼም ሳቁ።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ታመሙ። ከአልጋ ሲነሡ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት እሁድ ተጫወቱ፤ ሦስቱንም በሰፊው ተሸነፉ። በሕመማቸው ጊዜ የነጥቡ ደብተር ወደ እኔ ዞሮ ስለነበር፣ በአራተኛው እሁድ ደምሬ አካፍዬ፣ "ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ሲጫወቱ አሥራ አንድ ምርቃት አለዎት" አልኋቸው።

ስቴካቸውን ግድግዳው ላይ መለሱት።

"ምርቃት ከሽማግሌ ወደ ልጅ ነው የሚወርድ" አሉ። "ተማሪዬ ሊመርቀኝ ነው እንግዲህ?" ሰዉ ሊስቅ ሲል ወደ እኔ ዞር አሉ። "ደግሞ ሰደቃ ነው ብለኸን የለም? እኔ ገና አልለመንሁም።"

ወጥተው ሄዱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። በሚቀጥለው እሁድ አልመጡም፤ ከዚያም በሚቀጥለው። እኔ ሁሉንም አሸነፍሁ፤ እንዲህ የሚያስጠላ ማሸነፍ ግን አይቼ አላውቅም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼ ሰው መሃል የሚውሉት እሁድ ብቻ ነበር። በእኔ ምላስ የተነሣ እሁዳቸውንም ያጣሉ ብዬ ፈራሁ።

ይቅርታ ብጠይቃቸው "ምን አደረግኸኝ ልጄ" ብለው በጨዋ ደንብ እንደሚሸኙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ተንኮል አሰብሁ። አሥራ አንዱን ደብተሩ ላይ አሥራ አምስት አደረግሁት። የሒሳብ መምህር ስሕተት አይቶ አያልፍም፤ ራሳቸው ወደ አሥራ አንድ ያወርዱታል፤ በገዛ እጃቸው ያወረዱትን ደግሞ እንዴት እምቢ ይላሉ? በብልሃቴ ኮራሁ።

ማንኩሳ አጠገብ እህታቸው ዘንድ ናቸው ሲሉኝ በሚኒባስ ሄድሁ። ግቢው ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ከእህታቸው ጋር ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ሒሳቡ እምቢ አለኝ። ምርቃትዎ አሥራ አምስት ሆነብኝ፤ አልበዛም?"

"እስቲ አምጣው።"

እጃቸውን ጠራርገው እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። ጽሕፈታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሒሳባቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔ ፈገግ ብዬ አሥራ አንድን እጠብቃለሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"የልዩነቱን ግማሽ አወጣህ። ከዚያስ?"

"አካፈልሁ።"

"ለስንት?"

"ለሁለት።"

"ግማሹን መልሰህ አጋመስኸው! አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ጨርቅ ስትለካ ኖረህ ግማሽ አታውቅም? ሃያ አንድ ነው!" ደብተሩን በጣታቸው ደበደቡት። "አሥራ አንድ ብለህ ነዋ ያስቀየምኸኝ! አሥሩን በልተህብኝ ኖሯል!"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ቆይ፣ አሥራ አምስቱስ ከየት መጣ?"

ዐይኔን ወደ በርበሬው አዞርሁ። "እሱማ... ምርቃት ነው።"

ጋሼ፣ እህታቸው ምን ሆነ ብለው እስኪነሡ ድረስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ያን ቀን ሰደቃ ያልሁት ንዴት ይዞኝ መሆኑን፣ ያለ እሳቸው እሁድ እንዳስጠላኝ።

"እኔም መሸነፍ አልወድም" አሉ። "ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው። ብታዝንልኝ አውቅብሃለሁ።"

እሁድ መጡ። ምርቃት የሚለውን ቃል በአፋቸው አልጠሩትም፤ "መነሻዬ ሃያ አንድ ነው" ብቻ አሉ። እኔም አላዘንሁላቸውም። ብፈልግም አልችልበትም፤ ጨዋታ ከጀመርሁ አባቴንም አልምር። በየዙሩ ተጠጋኋቸው፤ እሳቸው በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጅ አንድ አንድ እንጨት እየጣሉ ራቁኝ። እሳቸው ሃምሳ ስምንት፣ እኔ ሃምሳ ስድስት ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ጠረጴዛውን ከበበ። ጋሼ መቱ፤ ኳሷ እንጨቶቹን ለጥቂት ሳተቻቸው። ተራው የኔ ሆነ። መታሁ፤ ስልሳ ሞላሁ።

ማንም አላጨበጨበልኝም። ሥጋ ሻጩማ የሰው ሬሳ የረገጥሁ ይመስል ነበር አስተያየቱ። ጋሼ ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ።

"እስከ መጨረሻዋ ኳስ ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ አላወቅሁም! አንተስ አውቀህ ነበር?"

"ወላሂ አላወቅሁም።"

"እንግዲያ ሒሳቡ ልክ ነው!" ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ በማሸነፌ ይሁን በመጥፎ ምላሴ ያባረርሁት ሰው ተመልሶ በመምጣቱ እንጃ፣ ብቻ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጋሼ ነጥብ የምንጽፍበትን ጠመኔ አንሥተው ለሥጋ ሻጩ ሰጡት።

"በል ሰሌዳውን ጥረግ፤ እኔና ይሄ ልጅ እንደግማለን" አሉት። "መጀመሪያ ግን ምርቃቴን ጻፍልኝ።"