ባለ ጭራ ፊደል

ባለፈው ሳምንት ቦሌ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰልፍ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመችው ወጣት የድመት ሥዕል ያለበት ከረጢት አቅፋ ነበር። ጥጉ ተቀዶ ኖሮ የምግቡ ሽታ ወጣ፤ ወዲያው የተቀቀለ ሳንባ ሸተተኝ። የያዝኩትን ሻይ ቅጠል መደርደሪያው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ አንድ ልጃቸው ዘምቶ፣ እሳቸው ከድመቶች ጋር ቀርተዋል፤ አሥራ አራት ይሁኑ አሥራ ስድስት ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከሥጋ ቤት እየለመኑ የሚያመጡት ሳንባ ሲቀቀል ሽታው ልብሳችን ውስጥ ይገባል፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ድመቶቹ በርግገው በቆርቆሯችን ላይ ይጋልባሉ፤ እኛም ማንኪያችንን እንደያዝን ወደ ጣሪያው እናንጋጥጣለን። በዚያ ቤት ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው አላስታውስም።

እኔ አስተማሪ ሳይቆምልኝ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያነበብኩ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የሰፈሩ ማመልከቻ ሁሉ በእጄ ያልፍ ነበር። የየመስመሩን የመጨረሻ ፊደል ጭራ አውጥቼለት እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ እስበዋለሁ፤ ይህ ከማንም ያልቀዳሁት የራሴ ፈጠራ ነው፤ የሚመስለውም እስከ ዛሬ አላየሁም።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ግን ድመቶቹ ጓዳችን ገብተው ከቅርጫ የደረሰንን ሥጋ አነሱት። የሌላው ጎረቤታችን የጋሽ ታደሰንም እንዲሁ።

«ሁለት ወር ሙሉ ጾመን ያስፈሰክነው የአስካለን ድመት ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ባለ ብዕሩ አንተ አይደለህ? ለቀበሌው ጻፋ።»

ጻፍኩ። ድመት ሥጋ በላ ብዬ መጻፍ ይበቃ ነበር፤ ለኔ ግን አነሰኝ። ከሬዲዮ የለቀምኩትን ቃል ሁሉ አፈሰስኩት፤ «የሰፊውን ሕዝብ ምግብ የሚበዘብዙ አድሃሪ ድመቶችና አስተባባሪያቸው» አልኩ። በጣም ኮራሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ድመቶቹን ትቶ አስተባባሪዋን ጠራ። እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ውለው ሲመለሱ፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ይህን ሁሉ ሳንባ የምትቀቅዪው ማንን ደብቀሽ ነው ይሉኛል። ነገ በጽሑፍ ካልመለስኩ ቤቱን እለቃለሁ። ያንተን ያህል የሚጽፍ የለም አሉኝ፤ በል ልጄ፣ ጻፍልኝ።»

ከሳሻቸው እኔ መሆኔን አላወቁም። ብዕሩን ሦስት ጊዜ ጣልኩት። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «ልጄ ከዘመተ ወዲህ የቤቴን በር የሚነኩት ድመቶቹ ብቻ ናቸው፤ በልልኝ» አሉ። እንዳሉት ጻፍኩ፤ እጄ ለምዶ መጨረሻው ላይ ጭራ ሳበበት።

በማግስቱ እናቴ ምርኩዝ እንድሆናቸው ብላ አብሬያቸው ላከችኝ። ሊቀ መንበሩ ክሱንና መልሱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው፤ አንዴ ወረቀቶቹን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ከሳሹም ጠበቃውም ጎበዝ ነው» አለ።

እትዬ አስካለም አንገታቸውን አስግገው ወረቀቶቹን ሲያዩ አየኋቸው።

ቤቱ ተረፈላቸው። ከሦስት ድመት በላይ ግን አይፈቀድም ተባለ፤ የቀሩት በጆንያ ተጭነው ቡልቡላ እርሻ ውስጥ ተበተኑ። ከእትዬ አስካለ ጋር ወደ ቤታቸው ተመለስን። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

«እኔ ፊደል አላውቅም ልጄ፤ ጭራ ግን እለያለሁ።»

ለማንም አልተናገሩብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በክረምቱ ሰፈሩን አይጥ ወረረው፤ ጋሽ ታደሰም ሳያፍሩ ድመት ሊዋሱ ሄዱ። እትዬ አስካለ የልጃቸው ደብዳቤ ሲመጣ እኔኑ ያስነብቡኝ ነበር፤ ደብዳቤው መምጣቱን ሲያቆምም፣ ያለፈውን ድገምልኝ እያሉ ይመጡ ነበር።

ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ ድመት የሚጋልብበት ቆርቆሮ የለም፤ የጎረቤት በር የሚነካም የለም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ጭራ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ አሁንም ያማረ ነው፤ ይህን የሚክደኝ የለም። ነገር ግን በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው፣ ስለ በራቸው ያስጻፉኝ የእሳቸው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እኔ ጭራ ብቻ ነው የቀጠልኩበት።