ማንኩሳ ላይ የተገናኘው ስልክ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ጥምቀት አልፎ ሰርግና ክርስትና በተደራረበበት ሰሞን ነው። መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ ስነግድ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ውሃ የተረጨ በርበሬ ጆንያው ሳይፈታ አውቃለሁ፤ ሻጭ አፉን ሳይከፍት ፊቱን አይቼ ስንት ዋጋ ላይ እንደሚረታ እገምታለሁ። እንዲህ የምኩራራውን ሰው በገዛ ቤቴ ያለውን ጉዳይ የነገረኝ የመኪና ቴፕ ነው።

ያን ቀን ቡሬ የእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበረ። እኔ ግን ሌላም ጉዳይ ይዣለሁ። ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት ያለው አለነ የሚባል የድሮ ወዳጄ፣ ልጄን ትርንጎን ለልጁ ጠይቆኛል። ትርንጎ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ በገበያ ቀን ደግሞ መደብር ታግዘኛለች። ነገሩን ሳነሳባት “እርስዎ እንዳሉ፣ አባየ” ብላ አንገቷን ደፋች። እሺታ መሰለኝ። ለአለነም “በክርስትናው ዕለት ቁርጡን እነግርሃለሁ” አልሁት።

ፒካፕ መኪናዬ በዚያው ሳምንት ጋራዥ ገባች። ይህን የሰማ ጌትነት “እኔም ቡሬ ጉዳይ አለኝ፤ ላድርሳችሁ” አለኝ። ጌትነት የአዴት ልጅ ነው። ከመደብሬ ፊት ለፊት ምርጥ ዘርና የእርሻ መድኃኒት ይሸጣል። ጨዋ ነው፤ በርበሬም ከኔ አብዝቶ ይገዛል፣ ያውም በገበያ ቀን። ወንደላጤ ሰው ያን ሁሉ በርበሬ የት ያደርሰዋል ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ግን ደንበኛ ነው፣ ምን አስጠየቀኝ?

ጠዋት ከመደብሩ በር ላይ በአሮጌ ኮሮላው አነሳኝ። ገና ከመቀመጤ ስልኬን አወጣሁ። አንድ የምወደው የማሲንቆ ዘፈን አለኝ፤ በዚያ ቴፕ ልሰማው ፈለግሁ።

“ጋሽ ይርጋ፣ ብሉቱዙን ከፍተውታል?”

“ከፍቼዋለሁ።”

“የመኪናዋን ስም አሳየዎት?”

“የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ያሳየኛል። ያንተ መኪና ግን የለችም።”

ቴፑን ነካካው። ስልኬን አጥፍተን አበራነው። በመጨረሻ በቴፑም በስልኬም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መጣ፤ “እሺ ይበሉት” አለኝ፣ እሺ አልሁት። ቴፑ “ተገናኝቷል” አለ። ዘፈኑን ስከፍተው ግን ድምፁ የሚወጣው ከእጄ ነው።

“ይኸ እንዴት ያለ መገናኘት ነው? ቴፕህ ዱዳ ነው” አልሁት።

ስልኬን ተቀብሎ ጎርጎር አደረገና ሳቀ። “ጥሪውን ብቻ ነው የፈቀዱለት፤ ዘፈኑን አልፈቀዱለትም።” አንዲት ምልክት ነካ፤ ማሲንቆው መኪናዋን ሞላት።

“በገባሁ ቁጥር እንዲህ ልንለፋ ነው?”

“የለም ጋሼ፣ ድካሙ የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። አንዴ ከተዋወቃችሁ በኋላ ብሉቱዝዎ ክፍት ከሆነ ገና ሲገቡ ራሷ ትለይዎታለች። ያልተዋወቀችውን ስልክ ግን በራሷ አትነካም።”

“ጨዋ መኪና ናት” አልሁ።

ከቤት ባለቤቴን የሺንና ትርንጎን አነሳን። ትርንጎ ጌትነትን “እንደምን አደሩ?” አለችው፤ እኔ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣብኝ እንደምለው አድርጋ። እሱም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብሎ ንጹሑን መስታወት ይጠርግ ጀመር። እንዴት ያሉ የታረሙ ልጆች ናቸው ብዬ ወደ ማሲንቆዬ ተመለስሁ።

ማንኩሳ ስንደርስ በርበሬ የሚያመጣልኝን አንድ ገበሬ መንገድ ዳር አየሁ። “አቁምልኝ፣ ሰላም ልበለው” አልሁና ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወረድሁ። ሞተሩ አልጠፋም። ጌትነት ጎማ ሊያይ ወረደ። ከሰውዬው ጋር ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቹም ተጠያይቀን ስመለስ ማሲንቆው ከስልኬ ጋር አብሮ ወርዶ ኖሮ መኪናዋ ጭጭ ብላለች። ስገባ ዓይኔ ቴፑ ላይ አረፈ። በፈረንጅ ፊደል “የአባቷ ልጅ” ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ “ተገናኝቷል” ይላል።

ያንን ስም አውቀዋለሁ። ትርንጎ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ስልክ ገዛሁላት። “ስም ስጪው ይላል” ብላ ፊቴ ተቀምጣ የጻፈችው ነው። እኔም ገበያውን ሙሉ አውርቼዋለሁ።

ደግሜ አነበብሁት። ያልተዋወቀችውን ስልክ በራሷ አትነካም።

ጌትነት ገባ። ማርሽ ላይ እጁን እንደጫነ ስሙን አየና እጁ እዚያው ቀረ። ከኋላ ትርንጎ ቦርሳዋን ስታምስ ይሰማኛል፤ ስልኳን ልታጠፋ ነው።

“ተይው” አልሁ።

መንገድ ጀመርን። የሺ ያለ ጉንፋኗ ሳለች።

“ጌትነት።”

“አቤት ጋሼ።”

“ጠዋት ያልኸኝ እውነት ነው? የማታውቀውን አትነካም?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ምናልባት ቴፑ ተበላሽቶ እንዳይሆን?”

ማምለጫ ሰጠሁት። የምወደው ሰው ዋጋው አላማረኝም ለማለት ሲጨነቅ መውጫ በር አሳየዋለሁ፤ ዓመሌ ነው። ተበላሽቷል ቢለኝ ያመንሁ መስዬ ቡሬ እገባለሁ፤ ለአለነም ቃሌን እሰጣለሁ።

“አልተበላሸም። ትርንጎን ከሥራ ስትወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ አድርሻታለሁ።”

“ሁለት ሦስት!” ብላ የሺ ሳቋን ለቀቀችው።

ዞር አልሁባት። “አንቺም ታውቂ ነበር?”

“እንዴት አላውቅ? ካንተ የሚገዛውን በርበሬ ሁሉ በልጅህ እጅ ለኔ ነው የሚልክልኝ! የገዛ በርበሬህን ነው ስትበላ የከረምኸው። ደግሞ ‘ይኸኛውስ ከየት የመጣ ነው? ከኛ ይሻላል’ ብለኸኝ ነበር።”

ብያለሁ። ምስክር አያሻውም።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። “አባየ፣ ለጋሽ አለነ ቃል ሰጥተውታል?” አለችኝ።

“ዛሬ ልሰጠው ነበር። ‘እርስዎ እንዳሉ’ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?”

“እምቢ ልበልዎት ብዬ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።” ድምፅዋ ተሰበረ። “ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።”

የሰው ፊት አነባለሁ የምለው ሰው፣ ልጄ አንገቷን ስትደፋ ጎንበስ ብዬ ፊቷን አላየሁም። ወደ ጌትነት ዞርሁ።

“አባትህ አዴት ናቸው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ጉልበታቸው ደህና ነው? እስከ ፍኖተ ሰላም መንገድ ይችላሉ?”

መኪናዋ ትንሽ ወዛወዘች። “ይችላሉ ጋሼ! ዛሬም ቢሆን ይችላሉ!”

“ዛሬ አይሆንም፤ ዛሬ ክርስትና ነው። ሲመጡም ብቻቸውን አይሁኑ። ደግሞ መሪህን በደንብ ያዝ፤ ለክርስትና ነው የወጣነው።”

ከኋላ እናትና ልጅ ተቃቅፈው አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፤ የትኛዋ የትኛው እንደሆነች ዞሬ አላየሁም።

“ትርንጎ” አልሁ፣ “መቼም የተገናኘሽው አንቺ ነሽ። በይ አንድ ነገር ክፈቺ።”

የከፈተችው ጠዋት ስታገልበት የነበረውን የኔኑ ማሲንቆ ነው። ለካ እሷም ስልኳ ላይ ይዛው ኖሯል። ቡሬ እስክንገባ ደጋግመን ሰማነው።

አለነን ከድግሱ ለየት አድርጌ “ልጄ ልቧ ሌላ ዘንድ ነው፤ አትቀየመኝ” አልሁት።

“መቼ አወቅህ?”

“አሁን፣ መንገድ ላይ። የመኪና ቴፕ ነገረኝ።”

“ጠላው ቶሎ ያዘህ” አለና ቅር እያለውም ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ሽማግሌዎቹ ከአዴት ጾሙ ሳይገባ መጡ፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ጌትነት አሁን ከኔ በርበሬ አይገዛም፤ በነፃ ይወስዳል። አንድ ጥሩ ደንበኛ ከሰርሁ ማለት ነው። ይህን ስለው የሺ ትስቅብኛለች፤ እኔም ከሳቋ ጋር ስቄ እተወዋለሁ።

በዚያች ኮሮላ ዛሬም እንሄዳለን። እኔና ጌትነት ብቻ ስንሆን ቴፑ የኔን ስልክ ይይዛል። ትርንጎ አብራን ከገባች ግን የኔን ትቶ የእሷን ነው የሚይዘው። ባለፈው ሳምንት ጌትነት አፍሮ “ጋሼ፣ የርስዎን ላስቀድመው? ማስተካከል ይቻላል” አለኝ።

“ተወው” አልሁት። “ቀድማ የገባችው እሷ ናት።”