ከነካርቶኗ የተዳረች የስፌት መኪና

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን አዲስ ፕሮጀክተር ተገዛ። ጎሮ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ሸማቾች መብት የሚናገረውን ምዕራፍ በሥዕል አስደግፌ ለማስተማር ቸኩዬ ስለነበር ካርቶኑን ልከፍት እጄን ስሰድ ርዕሰ መምህራችን ከለከሉኝ።

«ይቆይ እንጂ መምህር፤ በወላጆች ቀን እንግዶች ባሉበት ይከፈታል» አሉኝ።

የወላጆች ቀን ገና ሩቅ ነው። ወደ ክፍል እየሄድኩ የእህቴ የዘሃራ የስፌት መኪና ትዝ አለችኝ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅ ሥራ ፈት ነበርኩ። እናታችን ከወሎ መጥታ ጎሮ ውስጥ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ዘሃራ ቦሌ ለሚ በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ ገልብጣ መብራት ሥር ትዘረጋለች፤ ስፌቱን በጣቷ ትከተላለች፤ የዘለለ ካገኘች ምልክት ለጥፋ ትመልሳለች። ልማዱ ቤትም አይለቃትም። የኔን ካልሲ ሳይቀር ገልብጣ ታይ ነበር።

የታጨችለት ሰው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ነበር። ከዚያ ቦሌ ለሚ ድረስ በየቀኑ መመላለስ የሚቻል ስላልሆነ ሐሳቧ ከሠርጓ በኋላ ፋብሪካውን ትታ ቤቷ ውስጥ መስፋት ነበር። ለዚህ ብላ ስታጠራቅም በቆየችው ገንዘብ ሠርጉ ገና ወራት ሲቀሩት በኤሌክትሪክ የምትሠራ የስፌት መኪና ልትገዛ ገርጂ ሄድን፤ እሷ፣ እናታችንና ተሸካሚው እኔ።

ባለሱቁ ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ነበሩ። ካርቶኑን ከመጋዘን አውጥተው፣ «ልክፈታትና ልሞክርላችሁ» አሉ።

እናቴ ቀደመች። «ይተዉት፣ እንዳይነካ። የሙሽራ ዕቃ ነው።»

«እማ፣ አንዴ መርፌዋን ብቻ ልይ» አለች ዘሃራ።

«ሰው ምን ይላል? ፕላስተሩ የተነሳ ካርቶን ይዘሽ ልትገቢ ነው?»

ይህን ትንሽ ላብራራ። በኛ ሰፈር ሙሽራ ይዛው የምትገባው ዕቃ በእንግዳ ፊት ነው የሚጫነው፤ የሚታየውም ከነካርቶኑ ነው። የተከፈተ ከሆነ «ያገለገለ ነው» ይባላል፤ ይህ ወሬ ደግሞ ከሙሽራዋ ቀድሞ አማቶቿ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሸሚዝ ሳትገለብጥ የማታሳልፈው እህቴ ካርቶን ላይ ያለ ሥዕል አይታ ገዛች። ጋሽ ታደለም ግር ያላቸው አይመስልም ነበር።

መኪናዋ ሠርጉ እስኪደርስ ከአልጋ ሥር ተቀመጠች። የሠርጉ ዕለት ዱዓ ተደርጎ፣ ከሌሎቹ ካርቶኖች ጋር ተጭና ሄደች። የካ አባዶ ስትደርስ ደግሞ ሕንፃው መብራት አልገባለትም። ግድግዳው ገና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ዘሃራ ሥራዋን ለቅቃ በሻማ ብርሃን ጨርቅ ለክታ ትቆርጣለች። መብራቱ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

መኪናዋ ጥቂት መሥመር አሳምራ ሰፋች። ከዚያ መዝለል ጀመረች፤ ከዚያ ውስጧ አንድ ነገር ተንቋቋና ቀጥ አለች። ዘሃራ መርፌ ለወጠች፣ ክር ለወጠች። ጠጋኝ ጠርታ ስታስከፍታት ውስጥ ካሉት የማርሽ ጥርሶች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። «ይሄ እዚህ አገር አይገኝም» ብሎ ዘጋት። ለሠፈር ሴቶች ልትሰፋ የተቀበለችው ጨርቅ አልጋው ላይ ተቆልሏል፤ ፋብሪካው በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

እኔና ዘሃራ ተሸክመናት ገርጂ ሄድን። መገናኛ ላይ ዝናብ ይዞን፣ በመጠለያው ሥር አንድ ጥብስ በቆሎ ለሁለት ተካፍለን፣ መኪናዋን በፌስታል ሸፍነን ቆምን። ፌስታሉ ለሷ ብቻ እንጂ ለኛ አልተረፈም።

ጋሽ ታደለ አዳመጡንና፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የወሰድሽው?» አሉ።

«ከረመዳን በፊት።»

«አሁን ክረምት ነው። ስትጫን ወድቃ ቢሆንስ? ልሞክርላችሁ አላልኩም?»

«ብለዋል። እኔም አልካድኩም።»

አሁን ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው፣ የሽያጭ ሕግ በዚህ ላይ የሚለው ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሻጭ የሚጠየቀው ደግሞ ዕቃው ከእጁ ሲወጣ ለነበረበት ጉድለት ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጉድለቱ ሱቅ ውስጥ የነበረ ይሁን መንገድ ላይ የመጣ ማወቅ ይከብዳል። ያን ቀን ሦስታችንም ይህን ሕግ አናውቅም ነበር፤ የምንከራከረው ግን በትክክል ስለሱ ነበር።

ዘሃራ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ካርቶኖች ትመለከት ነበር።

«ጋሼ፣ ከኔዋ ጋር አብራ የመጣች አለች?»

«ሁለት አሉ። ምነው?»

«አንዷን ይክፈቱልኝ።»

ሳቁ። «ከፍቼ ለማን ልሸጣት? እናትሽ ዓይነት ሰው አይደለም እንዴ ደንበኛዬ ሁሉ? ፕላስተሩን ያነሳሁ ቀን ዋጋዋ ወደቀ።»

«ደህና ከሆነች የኔን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ።»

«የተከፈተችውንስ?»

ዘሃራ የተከፈተችዋን የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳያዩዋት ነው የሚሸጧት፣ እኔም ሳላያት ነው የገዛኋት። ታዲያ ማንኛችን ነን የምናውቃት?» አለች።

ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ቢላዋ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ፣ እንደገና አነሱ። ፕላስተሩ ሲቀደድ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ የሰው ገመና ያየሁ ያህል።

ዘሃራ ተቀምጣ ቁራጭ ጨርቅ አስገባች። መጀመሪያ ደህና ሄደች። ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየህ?» አሉ። እህቴ ፍጥነቱን ጨመረች። ስፌቱ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ፣ ከዚያ ያው ድምፅ መጣ።

ጋሽ ታደለ ጨርቁን አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ በሌላ ጊዜ የመጣች መኪና አወረዱና ሳይጠየቁ ከፈቷት።

«ስፊባት። እስኪበቃሽ ስፊባት።»

እስኪበቃት ሰፋች። ይዘናት ስንሄድ ካርቶን አልነበራትም፤ ዘሃራ በሻርፗ ጠቅልላ አቅፋት ነበር። እናታችን በስልክ ስትሰማ፣ «በይ እንግዲህ፣ ተድረሽ ካለቀ በኋላ ያገለገለ ዕቃ ይዘሽ ገባሽ» ብላ ሳቀች።

ዘሃራ ዛሬ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ትንሽ ስፌት ቤት አላት። ባለፈው ዒድ ዋዜማ ሄጄ ሳለሁ አንዲት ደንበኛ ተሰፍቶ የታጠፈ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። «ቤቴ እለካዋለሁ፣ ታክሲ ያመልጠኛል» ብትልም ዘሃራ አልሰጠቻትም። ደንበኛዋ እያጉረመረመች ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ለብሳ ወጣች። አንዱ እጅጌ ያዛት። እህቴ መቀሷን አንስታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች፤ ሴትዮዋም ተቆጥታ ተቀመጠች።

ሕጉ ለምን እንደሚያጣድፈን ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ጊዜ ካለፈ በኋላ ሻጭም ገዢም የሚያስታውሱት የሚጠቅማቸውን ነው፤ ይህን ማንም ውሸት ሳይናገር ያደርገዋል። እህቴ ሕጉን አንብባው አታውቅም፤ ሴትዮዋን ግን ቀና ሳትል፣ «ከዚህ ከወጣሽ በኋላ ብትመጪ፣ አንቺ ወፍረሽ ነው እልሽ ነበር» አለቻት።